የአብራሪው እግሮች

ኮሎኔሉ መጀመሪያ ወደ እኔ የመጡት ለጥርሳቸው ነበር። ወልቂጤ ውስጥ በአንድ የጥርስ ክሊኒክ የኋላ ክፍል ሰው ሠራሽ ጥርስ እሠራለሁ። ሐኪሙ የታካሚውን ልክ ወስዶ ይልክልኛል፤ እኔ በሰም፣ በጀሶና ሬዚን በሚባለው ፈሶ በሚደርቅ ውህድ ጥርሱን ሠርቼ እመልሳለሁ። ታካሚ ወደ እኔ ክፍል አይገባም። እሳቸው ግን በሩን ገርበብ ብሎ ስላገኙት ገፋ አድርገው ገቡ። ሰባውን ያለፉ፣ ወገባቸው ያልጎበጠ፣ ኮታቸው የተተኮሰ ሽማግሌ ነበሩ። ሰላምታቸውን ሳይጨርሱ ዓይናቸው ከመስኮቱ በላይ ያለው መደርደሪያ ላይ ተተከለ።

መደርደሪያው ላይ ሦስት የተዋጊ ጄት ሞዴሎች ነበሩኝ። ኮሌጅ ሳለሁ አንድ አስተማሪያችን እጃችሁ ይፍታታ ብለው የሚገጣጠም የፕላስቲክ አውሮፕላን ሰጥተውን ነበር። ሌሎቹ ጨርሰው ረሱት፤ እኔን ግን ያዘኝ። ከዚያ ወዲህ ውጭ አገር የሚሄድ ሰው ባገኘሁ ቁጥር ሌላው ሽቶና ጫማ ሲያዝዝ እኔ አውሮፕላን አዝዛለሁ። ባለቤቴ አስተማሪ ነው፤ መጀመሪያ ይስቅብኝ ነበር፣ አሁን ለምዶታል።

ኮሎኔሉ እጃቸውን ወደኋላ አጣምረው አንድ በአንድ አዩዋቸው። ከዚያ ማን እንደሚያበራቸው ጠየቁኝ። ሞዴል እንጂ እውነተኛ እንዳልሆኑ ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ጎማውን አጥፈሽ አየር ላይ ሰቅለሽዋል። ውስጡ ግን ሰው የለም» አሉ። «ሰው የሌለበት አውሮፕላን መሬት ላይ ነው የሚቆመው።»

እውነታቸውን ነበር። ሁለቱን ጎማቸውን አጥፌ በሽቦ መቆሚያ ላይ ሰቅያቸው ነበር፤ ወንበሮቹ ባዶ ናቸው። ለስንት ዓመት ሳያቸው ይህ አልታየኝም። እሳቸው በወጣትነታቸው የጄት አብራሪ እንደነበሩ፣ ከሠራዊቱ ከወጡ በኋላ ወደ ትውልድ ከተማቸው ወደ ቡታጅራ ተመልሰው እንደሚኖሩ፣ ሰፈሩም እስከ ዛሬ «ኮሎኔል» እያለ እንደሚጠራቸው የነገሩኝ ያን ቀን ነው።

ሰኔ መጨረሻ ላይ ትልቅ ካርቶን በብብታቸው ይዘው ተመለሱ። ዱባይ የሚሠራው ወንድ ልጃቸው የላከላቸው ነው። በወጣትነታቸው ያበሩት የነበረው ዓይነት ጄት ሲሆን ከእውነተኛው ሠላሳ ሁለት ጊዜ ያነሰ ነው። ያነሰ ይባል እንጂ ሲገጣጠም ክንዴን ያህላል። ከካርቶኑ ጋር ለብቻዋ በላስቲክ የታሸገች ነገር ነበረች፤ ውስጧ ከሬዚን የተሠራ አብራሪ አለ። ቁመቱ ከአውራ ጣቴ ብዙም አይበልጥም። ተቀምጧል፤ ሄልሜቱና ሁለት ክንዶቹ ለየብቻ ናቸው፤ ከመቀመጫው ሥር ደግሞ ሬዚኑ ሲፈስ የቀረ ወፍራም ጉቶ ተጣብቆበታል።

«ሰው ይግባበት» አሉኝ። «ሌላውን እንደ ፈለግሽ አድርጊው።»

እሺ አልኩ። ያን ቀን ግን ሌላም ነገር አይቻለሁ። በቀኝ እግራቸው የተወለወለ ጥቁር ጫማ አድርገዋል፤ በግራቸው ካልሲ ላይ ሰንደል ጫማ ነበር። ወንበር ስቤላቸው ሲቀመጡ አንድ ሽታ መጣ። ክሊኒክ ውስጥ የሚሠራ ሰው ያንን ሽታ ከሌላ ሽታ አያምታታውም። ስኳር እንዳለባቸው በካርዳቸው ላይ አንብቤ ነበር። ልጠይቃቸው አፌን ከፈትኩና አፈርኩ፤ የተከበሩ ሰው ናቸው፣ እኔም ሐኪም አይደለሁም ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ስለ ቀለሙ ተነጋግረን ተለያየን።

ሐምሌ በገባ በሁለተኛው ማክሰኞ ሴት ልጃቸው ደወለችልኝ። ቡታጅራ ከአባቷ ጋር የምትኖር መምህርት ናት፤ እስከዚያ ቀን ድምፅዋን ሰምቼ አላውቅም። አባቷ የግራ እግራቸው ሁለት ጣቶች መጥቆራቸውን፣ አዲስ አበባ ያሉት ሐኪሞች ሳይውል ሳያድር መቆረጥ አለባቸው ብለው ለሰኞ ቀጠሮ እንደሰጡ፣ እሳቸው ግን እንደማይሄዱ ነገረችኝ።

«አውሮፕላኔ ሲያልቅ እሄዳለሁ ነው የሚሉት» አለችኝ። «ስንት ቀን ይቀርሻል፣ እህቴ?»

በጥርስ ሥራ መሃል በምሳ ሰዓት ብቻ ስለምነካው ገና ክንፉን ነበር ያያያዝኩት። ሦስት ሳምንት አልኳት። ከኋላዋ ባጃጅ ሲያልፍ ይሰማኛል።

«ሰኞ እኮ ነው» አለች።

እስከ እሑድ እሞክራለሁ አልኳት። ስልኩን ስዘጋ እጄ ላይ ያለው ሰም ደርቆ ነበር። አለቃዬን የአራት ቀን ፈቃድ ለመንኩና አውሮፕላኑን ጠቅልዬ ወደ ቤት ወሰድኩት።

ረቡዕ ቀኑን ሙሉ ሠራሁ። የአብራሪውን ጉቶ በጥርስ መጋዝ ቆርጬ ጣልኩ፤ የሬዚን ብናኝ ሳንባ ስለሚጎዳ አፌን ሸፍኜ በውሃ በተነከረ ብርጭቆ ወረቀት መቀመጫውን አለሰለስኩት። ክንዶቹን በሱፐር ግሉ አጣበቅኩ፤ ለፕላስቲኩ የሚሆነው ማጣበቂያ ሬዚን አይዝም። ቀኝ እጁ መሪውን ዘንግ እንዲጨብጥ አስተካከልኩ። ፊቱ እንደ ስንዴ ፍሬ ቢሆንም አፍንጫና ቅንድብ ነበረው።

ሐሙስ ጠዋት ወንበሩ ላይ አስቀምጬ ወደ አብራሪው ክፍል ወደ ኮክፒቱ ሳወርደው አልገባም አለ። ጉልበቶቹ የመቆጣጠሪያ ሰሌዳውን ይገፋሉ። ገፋ አድርጌ ሳስገባው ደግሞ ሄልሜቱ ወደ ላይ ቀርቶ የመስታወቱ ክዳን አልዘጋ አለ። ለሌላ አውሮፕላን፣ ሰፊ ኮክፒት ላለው ጄት፣ የተሠራ አብራሪ ነበር። ይህ ለሞዴል ሠሪ አዲስ ነገር አይደለም። መፍትሔውም የታወቀ ነው፤ እግሩን ከጉልበት በታች ትቆርጠዋለህ። ከሰሌዳው በታች ያለው ክፍል ጨለማ ስለሆነ ክዳኑ ከተዘጋ በኋላ ማንም አያየውም። መጋዙን አነሣሁ። በዚያው ቅጽበት ስልኬ ጠራ።

ኮሎኔሉ ነበሩ። በየቀኑ አንድ ጊዜ ይደውላሉ። እንዴት እየሄደልሽ ነው ሲሉኝ፣ አብራሪው አልገባ ብሎኝ ነው አልኩ። እንዲህ ሲያጋጥም ሰው ምን ያደርጋል ብለው ጠየቁ። ምን እንደምናገር ሳላስብ፣ ስለ ሬዚን ብቻ እያሰብኩ፣ መለስኩላቸው።

«እግሩን እንቆርጠዋለን።»

ቃሉ ከወጣ በኋላ ነው ጆሮዬ የሰማው። በስልኩ ውስጥ ትንፋሻቸው ይሰማል። መጋዙን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

«አይቆረጥም» አሉ በመጨረሻ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ፔዳሉን በምን ሊረግጥ ነው? ወለሉን ቆፍሪለት።»

ወለሉን መቆፈር ማለት ከጥፍር ያልወፈረ ፕላስቲክ መሸርሸር ማለት ነው። ከሥሩ ደግሞ የፊት ጎማው የሚታጠፍበት ክፍል አለ። ይህን ልነግራቸው ይገባ ነበር። ከዚያ ካወጣሁት ቃል በኋላ ግን እምቢ ለማለት አቅም አላገኘሁም። እሺ አልኩ።

ዓርብን ሙሉ በጥርስ መሰርሰሪያዬ ስፍቅ ዋልኩ። ትንሽ ፍቄ አብራሪውን አስገብቼ እለካለሁ፤ አሁንም ጉልበቱ ይነካል፤ አወጣዋለሁ፣ እፍቃለሁ። ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት አካባቢ መሰርሰሪያው በድንገት ቀለለኝ፤ ገልብጬ ሳየው ወለሉ ተበስቷል። ቀዳዳው የምስር ክክ ያህላል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ስቄ አልፈው ነበር። ያን ቀን ግን እየቆጠርኩት የነበረው ሰዓት ሁሉ በዚያ ቀዳዳ ፈሰሰ። ቀዳዳውን በጥርስ ሬዚን ደፈንኩ፤ ሬዚኑ ሲደርቅ ፕላስቲኩን ጠመዘዘው፤ ጠምዛዛውን ለማቃናት የአውሮፕላኑን አፍንጫ በግማሽ መክፈት ነበረብኝ።

ለእሑድ አልደረሰም። ሰኞ ቀጠሮው አለፈ።

ማክሰኞ ልጃቸው ደውላ ሐኪሞቹ ለሚቀጥለው ሰኞ ሌላ ቀጠሮ እንደሰጡ፣ አሁን ግን ስለ ሁለት ጣት ሳይሆን ስለ ሙሉ እግር ጫፍ እየተናገሩ እንደሆነ ነገረችኝ። አልወቀሰችኝም። ብትወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር። አብራሪው እንደማይገባ ራሳቸው ቢያዩት ያምኑኛል ብዬ አሰብኩና ፈቃዴን አስረዝሜ ረቡዕ አውሮፕላኑን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ በጉብሬ በኩል ተራራውን በሚያቋርጠው መንገድ ወደ ቡታጅራ ሄድኩ። ሚኒባሱ ውስጥ ጭኔ ላይ አቅፌው ነበር። ተራራው ጫፍ ላይ ጉሙ ስለወረደ ሹፌሩ በእግር ፍጥነት ነበር የሚነዳው። ከጎኔ የነበሩት እናት ሕፃን መስሏቸው አየር እንዳያጣ ፊቱን ግለጪለት አሉኝ። አውሮፕላን ነው ማለት ከበደኝ፤ ጠርዙን ትንሽ ገለጥ አደረግኩ።

ቤታቸው ከገበያው ወረድ ብሎ ነው። ልጃቸው በር ከፈተችልኝ፤ ቀጭን፣ ዓይኗ ሥር የጠቆረ ሴት ናት። ኮሎኔሉ ሳሎን ውስጥ ግራ እግራቸውን በርጩማ ላይ ሰቅለው ተቀምጠዋል። እግራቸው እስከ ቁርጭምጭሚቱ በነጭ ፋሻ ተጠቅልሏል። መስኮቶቹ ሁሉ ተከፍተዋል፤ ሽታው ግን አልወጣም። እሳቸው ያንን ሁሉ እንደሌለ ቆጥረው ሳቁልኝ፤ መነጽራቸውን አድርገው አውሮፕላኑን ተቀበሉኝ።

ለረጅም ጊዜ አገላብጠው አዩት። የተበሳውንና የደፈንኩትን አሳየኋቸው፤ ከዚህ በላይ ወለሉ እንደማይቆፈር፣ አብራሪው አሁንም በጥፍር ውፍረት ያህል ከፍ ብሎ እንደሚቀር አስረዳሁ። ሰሙኝ። ከዚያ ጣታቸውን ወንበሩ ላይ አድርገው ቀለሙ እንዲህ አልነበረም አሉ፤ የእነሱ ወንበር ጠቆር ያለ ነበር። የትከሻ ማሰሪያውም ሰፍቷል። ሄልሜቱ ነጭ ነው የነበረው፤ ያውም ንጹሕ ነጭ ሳይሆን ፀሐይ የበላው። አንዱን ሲጨርሱ ሌላ ያመጣሉ። እኔ በወረቀት ላይ እጽፋለሁ። አራተኛው ላይ ስደርስ ቀና ብዬ አየኋቸው፤ ግንባራቸው ላይ ላብ ችፍ ብሏል። ያን ጊዜ ገባኝ። እሳቸው የሚፈልጉት አውሮፕላኑ እንዲያልቅ አይደለም። እንዳያልቅ ነው። እኔም ብዕሬን ይዤ ቀን እያራዘምኩላቸው ነው።

ልጃቸው በር ድረስ ሸኘችኝ። ግቢው ውስጥ ከእንሰቱ ሥር ዝናቡ እስኪያባራ ቆምን። የሱቲ ሻሿን ጫፍ አፏ ላይ አድርጋ ቀስ ብላ ነው የምታወራው፤ እንዳይሰሙ።

«ትናንት አተኩሷቸው ነበር» አለችኝ። «እንደምንም ጨርሺው። ያዘዙሽን ሁሉ ካደረግሽ አያልቅም፤ አንቺም አይተሽዋል።»

አይቻለሁ አልኳት።

ማታ ለባለቤቴ ነገርኩት። ዕቃው የሳቸው ነው፣ የከለከሉሽን ማድረግ አትችይም አለኝ። እሱ ሥርዓት የሚወድ ሰው ነው፤ ትክክል እንደሆነም አውቅ ነበር። ሰው ባዘዘው ሥራ ላይ ከፈቃዱ ውጭ እጄን አስገብቼ አላውቅም። ጥርስ ስሠራለት ትንሽ ነጣ ይበልልኝ ያለ ሰው እንኳ ባይመስለኝም አነጣለታለሁ።

ሐሙስ ጠዋት ባለቤቴና ልጆቹ ከወጡ በኋላ መስኮቱ ሥር ተቀመጥኩ። አብራሪውን በጠፍጣፋ ፒንሳ ያዝኩት። እንደዚህ ያሉ ትንንሽ ሰዎችን ከአሁን በፊትም ቆርጫለሁ፤ ሬዲዮ እያዳመጥኩ፣ ሌላ ነገር እያሰብኩ። አሁን መጋዙን ጉልበቱ ሥር አስደግፌ ብዙ ደቂቃ ቆየሁ። ክርኔን ጠረጴዛው ላይ አሳርፌ፣ ትንፋሼን ይዤ፣ ጎተትኩ። ሬዚን ሲቆረጥ ደረቅ የጠመኔ ድምፅ አለው። ግራው ወደቀ፤ ከዚያ ቀኙ። አብራሪውን ወንበሩ ላይ አድርጌ ሳወርደው ያለ ምንም ግፊት ሄዶ ተቀመጠ። ክዳኑም ጠቅ ብሎ ገጠመ።

ወንበሩን ጠቆር አደረግኩላቸው። ማሰሪያውን በቀጭን ቆርቆሮ አጠበብኩ፤ ሄልሜቱን ነጭ ቀብቼ ላዩን በጣም በቀጠነ ቡና ዓይነት ቀለም ጠረግኩት። ያሉኝን ሁሉ አደረግኩ፣ ከአንዱ በቀር። የተቆረጡትን ሁለት እግሮች መጣል አልቻልኩም፤ ባዶ የክብሪት ቀፎ ውስጥ ከተትኳቸው።

ቅዳሜ ከሰዓት በፊት ቡታጅራ ደረስኩ። የገበያ ቀን ስለነበረ ባጃጁ በሰውና በአህያ መሃል ተሰነቃቅሮ ለመድረስ ብዙ ጊዜ ወሰደበት። ኮሎኔሉ በዚያው ወንበር ላይ ነበሩ፤ ሦስት ቀን ግን ሦስት ዓመት አስረጅቷቸዋል። ጋቢ ደርበው ይንቀጠቀጣሉ። ፋሻው አሁን ከቁርጭምጭሚቱ አልፎ ወጥቷል። ልጃቸው ከበሩ አጠገብ ቆማ ቀረች።

አውሮፕላኑን ጭናቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው። ጎማው ታጥፏል፤ ክዳኑ ተዘግቷል፤ ውስጡ ሰው አለ። ከኪሳቸው ስልካቸውን አውጥተው የእጅ ባትሪውን አበሩና ከመስታወቱ ጎን አስጠግተው ወደ ውስጥ ተመለከቱ። ብርሃኑ ሄልሜቱ ላይ፣ ማሰሪያው ላይ፣ ዘንጉን የጨበጠው እጅ ላይ ሄደ። ከዚያ ወደ ታች፣ ሰሌዳው ሥር ወዳለው ጨለማ ወረደ። እዚያው ቆመ። ምንም እንደማይታይ አውቃለሁ። ዝም ብል ያልፋል።

«እግሮቹስ?» አሉኝ፣ ዓይናቸውን ሳያነሡ።

«ቆረጥኳቸው፣ ኮሎኔል።»

ባትሪውን አጠፉት። ሴት ልጃቸው ትንፋሿን ስትስብ ሰማሁ። አውሮፕላኑን ከጭናቸው አንሥተው መሬት ላይ ይወረውሩታል ብዬ ጠብቄ ነበር። በሁለት እጃቸው ይዘውት ቀሩ።

«አይቆረጥም ብዬሽ ነበር።»

«ብለውኛል።»

«ታዲያ አንቺ ማን ነሽ?»

ይህን ሲሉ ድምፃቸው ከፍ አለ። ወታደር ሲቆጣ ምን እንደሚመስል ያን ጊዜ አየሁ። ይቅርታ ጠይቄ ልውጣ አልኩ በሆዴ። የተናገርኩት ግን ሌላ ነው። ሰኔ ላይ ካርቶኑን ይዘው ሲመጡ የእግራቸው ሽታ ደርሶኝ እንደነበር፣ አውቄ ዝም እንዳልኩ፣ ያን ቀን ተናግሬ ቢሆን ምናልባት አንድ ጣት ብቻ ይሆን እንደነበር ነገርኳቸው። ወለሉን ቆፍሪ ሲሉኝም እንደማይሆን እያወቅኩ እሺ ማለቴን ነገርኳቸው። ሁለት ጊዜ እርስዎን አፍሬ ዝም አልኩ፣ ሦስተኛ ጊዜ ግን አልችልም አልኩ። ስጨርስ እያለቀስኩ እንደሆነ ያወቅኩት አፌ ውስጥ ጨው ሲገባ ነው።

ከመስጊዱ የዙህር አዛን ተሰማ። አዛኑ እስኪያልቅ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ጠበቁ፤ እኛም ጠበቅን።

ከዚያ ወደኔ ሳያዩ፣ ወደ መስኮቱ እያዩ ነው የተናገሩት። ሕመሙን እንደማይፈሩት ነገሩኝ። ሞትንም ቢሆን በወጣትነታቸው ለምደውታል። ሠላሳ ዓመት በዚያ መስጊድ በመጀመሪያው ረድፍ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ቆመው ሰግደዋል። ከኋላ፣ ግድግዳው ጥግ፣ ወንበር ላይ ተቀምጠው የሚሰግዱ ሰዎች አሉ። ሲገቡም ሲወጡም ያዩአቸዋል። ሰላም ይሏቸዋል፣ ግን ጎንበስ ብለው ነው ሰላም የሚሏቸው፣ ለሕፃን እንደሚባለው።

«ጎንበስ ብለው ሰላም እንዲሉኝ አልፈልግም» አሉ።

ሴት ልጃቸው ቀርባ እግራቸው ሥር ተንበረከከች። የፋሻውን ጫፍ አስተካከለችላቸው። ትንሽ ቆይተው አውሮፕላኑን ትቼ እንድሄድ ነገሩኝ። ቁጣ አልነበረበትም፤ እርቅም አልነበረበትም። ሆስፒታል ይሂዱ አይሂዱ ሳላውቅ ወጣሁ። ሚኒባሱ ውስጥ ጭኔ ባዶ ስለሆነ እጄን የማደርግበት ጠፋኝ።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን መዝሙር ላይ ሳለን ስልኬ ቦርሳዬ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። ወደ ውጭ ወጥቼ አነሣሁት። መኪና ውስጥ ናቸው፣ ወደ አዲስ አበባ እየሄዱ ነው፤ ልጃቸው በሹክሹክታ ነበር የነገረችኝ። ሌሊቱን ትኩሳቱ ብሶባቸው ጠዋት ራሳቸው ልብሴን አምጪ አሏት። እዚያው ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። የምእመናኑ ዝማሬ ከውስጥ ይመጣል፤ መልሼ መግባት አቃተኝ።

ቀዶ ጥገናው ማክሰኞ ሆነ፤ ሙሉ ቀን ስልኬን ጥርስ መሥሪያ ጠረጴዛዬ ላይ በጀርባው አስተኝቼ ሠራሁ። ወደ አመሻሹ ላይ ደወለች። ከቀዶ ጥገናው ወጥተዋል፣ ነቅተዋል። ሐኪሞቹ መጀመሪያ እግር ጫፍ ብለው ነበር፣ ከፍተው ሲያዩት ግን ከጉልበት በላይ ሆነ። አልሐምዱሊላህ ሕይወታቸው ተርፏል አለች። ከዚያ፣ ከሳምንት በፊት ቢመጡ ጉልበታቸው ይተርፍ ነበር ብለዋል አለችኝ። ልትወቅሰኝ ብላ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ለማን ትንገረው? እኔ ግን ያን ዓርብና ያን ቀዳዳ እስከ ዛሬ ድረስ አስበዋለሁ። ሐሙስ በስልክ «አይሆንም» ብላቸው ኖሮ እያልኩ። ባለቤቴ አንድ ቀን እንዲህ አታስቢ፣ እምቢ ያሉት እሳቸው ናቸው አለኝ። ልክ ነው። ልክ መሆኑ ግን አላሳረፈኝም።

ሁለት ወር አልደወሉልኝም፤ እኔም አልደፈርኩም። ለመውሊድ እንደምንም ብዬ ደወልኩ። አነሡት። ቤተሰቤን አንድ በአንድ ጠየቁኝ፤ ስለ እግራቸው እኔም አልጠየቅኩም፣ እሳቸውም አላነሡም። ወደ ቡታጅራ ስመጣ ሳልጠይቃቸው እንዳልሄድ ነግረውኝ ዘጉ።

የሄድኩት ኅዳር ላይ ነው። አንዲት ዘመዴን ልጠይቅ ነበር የመጣሁት። ኮሎኔሉ በክራንች እየተደገፉ ራሳቸው በር ከፈቱልኝ፤ ሱሪያቸው በግራ በኩል ታጥፎ በመርፌ ቁልፍ ተይዟል፤ ኮታቸው እንደ ወትሮው ተተኩሷል። አውሮፕላኑ ሳሎኑ ውስጥ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ነበር። አልጠቆሙኝም፤ እኔም ያላየሁ መሰልኩ። ስለ ልጆቼ ትምህርት፣ ስለ መንገዱ መበላሸት አወራን። ስለ መስጊዱ ያወሩኝ ሳልጠይቃቸው ነው። የመጀመሪያው ዓርብ ባጃጅ በር ድረስ አድርሷቸው ጥግ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጡ። አንድ የድሮ ጎረቤታቸው፣ ከከተማው ወጣ ባለ መንደር የሚያርሱ ሽማግሌ፣ የመጀመሪያውን ረድፍ ትተው መጥተው አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀመጡ። ቀና ብለው ነው ያዩኝ አሉኝ። ከዚያ ሌላ ወሬ ጀመሩ።

ልወጣ ስነሣ እሸኝሻለሁ አሉ። ልጃቸው ከጓዳ ወጥታ መንገዱ ጭቃ ነው ብላ ልትከለክላቸው ሞከረች። ክራንቻቸውን አንሥተው ቀደሙኝ። ከበራቸው እስከ ዋናው መንገድ መቶ እርምጃ ቢሆን ነው፤ ድንጋዩ ግን ተነቃቅሏል፤ ውሃ ያቆረ ጉድጓድም አለ። እያንዳንዱን እርምጃ መጀመሪያ በክራንቹ ጫፍ እየነካኩ፣ ከዚያ ክብደታቸውን እየጣሉ ይሄዳሉ። አንድ ቦታ ላይ የግራው ክራንች ተንሸራተተና ወደኔ ዘመም አሉ። እጄ በራሱ ጊዜ ተዘረጋ። ሳልነካቸው መለስኩት። በቀኝ እግራቸው ተደግፈው ቆሙ፣ ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ፣ እንደገና ጀመሩ።

መንገዱ ዳር ስንደርስ ባጃጅ አስቆሙና ሾፌሩን መናኸሪያው በር ላይ እንዳያወርደኝ፣ ወልቂጤ የሚሄደው ሚኒባስ ደጃፍ ድረስ እንዲያደርሰኝ አዘዙት። እኔን ደግሞ ስገባ እንድደውል ነገሩኝ። ባጃጁ ውስጥ ገብቼ ሾፌሩን ትንሽ ጠብቅ አልኩት። ያን መቶ እርምጃ ወደ ቤታቸው እስኪመለሱ፣ ልጃቸው በሩን ከፍታ እስክታስገባቸው ድረስ በመስኮቱ አየኋቸው። ሾፌሩ ሁለት ጊዜ ሰዓቱን አየ።